የሀብታም በሽታ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር ሰላም ነዎት? አባቴ ታመው ጤና ጣቢያ ወስደናቸው ስኳር ነው አሉን። እርስዎ ሐኪም እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ግን እርስዎም ስኳር እንዳለብዎት አንድ ጊዜ ጽፈው አንብቤ ነበር። አባቴ ገበሬ ናቸው። ሻይ እንኳ በስኳር የሚጠጡት እንግዳ ሲመጣ ነው። ክብደታቸው 50 ኪሎ አይሞላም። የሀብታም በሽታ እንዴት እሳቸውን ያዛቸው?»

ለሕክምናው ያልኩት አጭር ነው፤ ነርሷ የምትለውን ስሙ፣ ኢንሱሊኑን ማንም ምንም ቢላችሁ እንዳታቋርጡ። ጥያቄው ግን ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። «የሀብታም በሽታ» የሚለው ስም ከየት መጣ? ስም እኮ ታሪክ አለው፤ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ብያችኋለሁ። ጽሑፉ ስለረዘመ ይቅርታ፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። (ስኳሩን እንደ አቅማችሁ።)

ከቤተ መንግሥት እንጀምር። ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉት መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ቀን በፊት የቀድሞ ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ወድቀዋል። ስለዚህ በሕዝቡ ዘንድ «በሐዘን ሞቱ» ተባለ። «ተመረዙ» ያለም አለ። አዲስ አበባ የነበሩ የውጭ ዲፕሎማቶች ደግሞ ትኩሳት ይዟቸው ሳለ በቀዝቃዛ ጠበል መነከራቸውን ጽፈዋል። ክርክሩ አያልቅም፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ንግሥቲቱ የስኳር ሕመም እንደነበረባቸው ይጠቅሳሉ። ለሞታቸው ምክንያቱ እሱ ነው እያልኩ አይደለም። የምለው፣ በ53 ዓመታቸው ያረፉት ንግሥት ጤና ከሐዘኑም ከሤራውም በፊት የተጎዳ ነበር ነው።

በነገራችን ላይ እዚህ ጋ የሁለት አቆጣጠር ቀልድ አለ። ቶሮንቶ፣ ካናዳ ውስጥ ሌናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ፣ ክብደቱ ወደ 29 ኪሎ ወርዶ ሞቱን ሲጠባበቅ፣ በዓለም የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ የተወጋው በጥር 1922 እ.ኤ.አ. ነው። ዘውዲቱ ያረፉት ደግሞ በኛ 1922። ቁጥሩ አንድ ነው፤ በመካከሉ ስምንት ዓመት አለ። ማለትም መድኃኒቱ ስምንት ዓመት ሙሉ በዓለም ላይ ነበር።

ከዚያ በፊት ስኳር የያዘው ልጅ ይሞታል፤ በቃ። ሐኪሞቹ የነበራቸው «ሕክምና» ማስራብ ነበር። እህል በቀነሱለት ቁጥር ጥቂት ወራት ይጨምራል፣ ግን አጥንቱ ይቀራል። ባንቲንግና ቤስት፣ ከማክሊዮድና ከኮሊፕ ጋር ሆነው ከእንስሳ ቆሽት ያወጡትን ፈሳሽ አጣርተው ሰው ላይ ሲሞክሩት፣ ሌናርድ ተነሥቶ 13 ዓመት ኖረ። ፓተንቱን ለዩኒቨርሲቲው በአንድ አንድ ዶላር ሸጡት፤ የማንም የግል ሀብት እንዳይሆን። ዛሬ አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ለዞረ ሰው ይህን መንገር ያሳፍራል።

አሁን ወደ ስሙ። «ስኳር በሽታ» የሚለው አጠራር የኛ ብቻ አይደለም። የጥንት የሕንድ ሐኪሞች «የማር ሽንት» ይሉት ነበር፤ የበሽተኛው ሽንት ጉንዳን እንደሚሰበስብ አይተው። በኛም ገጠር ይህን የሚያውቅ አዛውንት ሞልቷል። ስሙ የሚነግረን የበሽታውን ምልክት ነው። እኛ ግን ምልክቱን ምክንያት አደረግነው፤ ስኳር በሽታ ማለት ስኳር የበላ ሰው በሽታ ነው አልን።

ስኳር ደግሞ ማን ነበር የሚበላው? አባቶቻችን ጣፋጭ ሲሉ ማር ማለታቸው ነው። ስኳር ከባሕር ማዶ የሚመጣ የእንግዳ ነገር ነበር። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ከኢንዶኔዥያ ልምዱን ይዞ መጥቶ አዋሽ ዳር፣ ወንጂ ላይ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሸዋ፣ ቀጥሎ መተሐራ። ኮካ ኮላ በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ መታሸግ ጀመረ። በደርግ ጊዜ ስኳር በቀበሌ ሱቅ፣ በራሽን፣ በሰልፍ የሚገኝ ነገር ሆነ፤ ያን ሰልፍ የቆማችሁ ታውቁታላችሁ። ደስታ ከረሜላን በጥርሱ ሳይሰብር ለግማሽ ቀን አፉ ውስጥ ያቆየ የኔ ዘመን ልጅ፣ ስኳር የሀብት ምልክት መሆኑን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። እንግዲህ ስሙ «ስኳር»፣ ስኳሩም የባለጸጋ፤ በሽታውም «የሀብታም በሽታ» ሆኖ ቀረ። ሐኪም ቤት ሄዶ የሚመረመረው ደግሞ የከተማ ሰው ነው። ያልተመረመረ በቁጥር አይገባም።

የራሴን ነገር ልንገራችሁ።

በ2006 ዓ.ም. አንድ ቀን ዓይኔ ብዥ ሲልብኝ መነጽር ልቀይር ሄጄ፣ በዚያው ደም ተመርምሬ ስኳር ተገኘብኝ። 54 ዓመቴ ነበር፤ 86 ኪሎ። ከቤት ትምህርት ቤት በታክሲ፣ ከትምህርት ቤት ቤት በታክሲ፣ ማታ ወንበር ላይ ሆኜ የፈተና ወረቀት ሳርም። ሐኪሟ «በቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም፤ እኛ የገበሬ ልጆች ነን» አልኳት። እውነቴን ነበር። ጻፈችው።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ጉንዳኖቹ ትዝ አሉኝ።

ታላቅ ወንድሜን አያ ነበር የምለው። በለሳ ነው ያደግነው፤ ጎንደር ክፍለ ሀገር፣ ዝናብ ሲፈልግ የሚመጣበት፣ ሲፈልግ የሚቀርበት አገር። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ አያ በሬውንም እናታችንንም ይዞ ቀረ፣ እኔ ወደ ጎንደር ከተማ ለትምህርት ተላክሁ። እሱ ስላረሰ ነው እኔ የተማርኩት። በ1970 ለፋሲካ እረፍት ስመለስ ሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት። 22 ዓመቱ ነው። ሁልጊዜም ቀጭን ነበር፤ አሁን ግን ጋቢው ሰው ያለበት አይመስልም። ገንቦ ውኃ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠጣል፣ ይወጣል፣ ይጠጣል፣ ይወጣል። ሌሊት ስንት ጊዜ በሩ እንደተከፈተ ቆጥሬ አልጨረስኩም። ሲነጋ ከቤት ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ጉንዳን ተሰልፎ አየሁ። እናቴ አመድ ትነሰንስበት ነበር።

«አንተ የተማርኸው፣ ምን ይመስልሃል?» አለኝ። እኔ 18 ዓመቴ ነው። «ወባ ይሆናል አያ» አልኩት።

ጎረቤቱ «ዓይን ነው» አለ፣ ሌላው «ሾተላይ» አለ። ጠበል ወሰዱት። ጠበሉን አልወቅስም፤ ሌላ የሚወሰድበት በቅርብ አልነበረም። ጎንደር በእግር ሁለት ቀን ነው፣ እሱም መቆም አቅቶታል። ወደ ትምህርቴ በተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት መርዶ መጣ። የምማርባት ከተማ ከ1947 ጀምሮ የጤና መኮንኖች የሚሠለጥኑባት ከተማ ነበረች። ሳይክል ተከራይቼ በዚያ ኮሌጅ በር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ።

ይህን 36 ዓመት ሙሉ «ያልታወቀ በሽታ» ብዬ ነው የኖርኩት። ሐኪሟ ስትጠይቀኝም «የለም» ያልኩት ለዚህ ነው። ለምን? የሀብታም በሽታ ነዋ! አያ እግሩ ጫማ አያውቅም፤ ስኳር እንዴት ይይዘዋል?

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። መጀመሪያ የገባኝ፣ ስኳር አንድ በሽታ አለመሆኑ ነው። አንደኛው ዓይነት ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ሲያቆም የሚመጣ ነው። (ሲናደዱ «ቆሽቴ አረረ» የሚሉ እናቶቻችን ቦታውን አውቀውታል።) ብዙውን ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል፤ የተበላ ስኳር አያመጣውም፤ ያለ መርፌም አይኖሩበትም። ሁለተኛው ኢንሱሊኑ እያለ ሰውነት አልታዘዝ ሲለው ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። ዕድሜ፣ የቤተሰብ ዘር፣ ውፍረት በተለይ የሆድ፣ መቀመጥ፣ የደም ግፊት ይጠሩታል። ጣፋጭ መጠጥም በውፍረቱ በኩል ያግዘዋል። የኔ ይህ ነው፤ በዓለም ላይ እጅግ የሚበዛውም ይኸው።

ሦስተኛ ነገርም አለ። ታሪኩ የሚያናድደው እዚህ ጋ ነው።

በ1955 እ.ኤ.አ. ሂዩ-ጆንስ የተባለ ሐኪም ጃማይካ ውስጥ ከሁለቱም የማይገጥሙ ጥቂት ስኳር ሕመምተኞች አየ። ወጣቶች፣ ከሲታዎች፣ ድሆች። ከዚያ ከሕንድም ከአፍሪካም ተመሳሳይ ወሬ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር» ብሎ በዝርዝሩ አስገባው። በ1999 ደግሞ ማስረጃው በቂ አይደለም ተብሎ ተሰረዘ። ረሃብ ስኳር እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም ነው ነገሩ። ሳይንሳዊ ጥንቃቄው ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ከዝርዝር ሲሰረዝ የሚያጠናውም ገንዘብ ይሰረዛል። ሕመምተኞቹ ደግሞ ለጉባኤ የሚጠሩ ሰዎች አይደሉም።

ያን መዝገብ እንደገና ካንኳኩት አንዷ ማን መሰለቻችሁ? ጎንደር! ዶ/ር ሺታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ዲያቤቶሎጂያ በተባለው የታወቀ መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጡ። ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ የምግብ እጥረት ስኳርን ጉዳይ እንደገና እንክፈተው ወይ? ከገጠር የሚመጡትን ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ከከተሞቹ ጋር አስተያዩ። የገጠሮቹ ለዕለት ጉርስ የሚያርሱ ድሆች፣ ክብደታቸው ዝቅ ያለ፣ ወንዶቹም ከሴቶቹ በብዙ የሚበልጡ ነበሩ። ወጣት፣ ወንድ፣ ከሲታ፣ ድሃ ገበሬ፣ ከጎንደር ገጠር። ሳነበው የአያን መልክ እያየሁ ነበር። የእሱ አንደኛው ዓይነት ይሁን ይሄኛው፣ አሁን ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ደሙን የመረመረለት የለም።

ጎንደሮቹ መጻፍ ብቻ አይደለም ያደረጉት። ሕመምተኛው ለመርፌ ብሎ ሁለት ቀን እንዳይሄድ ክትትሉን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አወረዱት፤ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ይዘውት እንዲሠሩ። ቀላል ነገር ይመስላል። ለአያ ግን በሕይወትና በሞት መካከል የነበረው ልዩነት እሱ ነው፤ የሁለት ቀን መንገድ።

በ2025 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ላይ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህንኑ «ዓይነት አምስት» ብሎ እውቅና ሰጠው። ሁሉም ሊቃውንት አልተስማሙም፣ ክርክሩ ገና ነው። ቢሆንም ከጃማይካው ሐኪም 70 ዓመት በኋላ የድሃው ስኳር ስም አገኘ።

አሁን የዚያኑ የጎንደር ታሪክ ሌላ ገጽ ግለጡልኝ። አገራችን ሳለን ጎረቤቶቻችን ቤተ እስራኤሎች ነበሩ (ያኔ የሚጠሩበትን ስም ዛሬ አልጽፈውም)። ማረሻችንን የሚቀጠቅጡልን፣ ያ የአያን ውኃ የያዘውን ገንቦ የሠሩት እነሱ ናቸው። በ1977 የረሃብ ጊዜ ብዙዎቹ በእግር ወደ ሱዳን ወጡ። በሺዎች የሚቆጠሩ በመንገድና በካምፕ ቀሩ፣ የተረፉት በ«ዘመቻ ሙሴ» በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ደግሞ በ«ዘመቻ ሰሎሞን» 14 ሺህ ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ተጫኑ።

እዚያ የሆነውን ሐኪሞች እየተደነቁ መዘገቡት። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት፣ ከገቡ ጥቂት ዓመታት ብቻ የሆናቸውን ወጣቶች መርምሮ፣ ከ30 ዓመት በታች ከሆኑት 8.9 በመቶው ሁለተኛው ዓይነት ስኳር እንዳለባቸው አገኘ። ከ30 ዓመት በታች! ይህ በሌላው ዓለም የጎልማሳና የአዛውንት በሽታ ነው። ደማቸው ያው የጎንደር ደም ነው፤ በአራት ዓመት ዘር አይለወጥም። የተለወጠው ኑሮው ነው። ተራራ መውጣት ቀረ፤ ነጭ ዳቦ፣ ዘይት፣ ለስላሳ መጠጥ መጣ፤ የመፈናቀሉን ጭንቀትም አትርሱ። በኋላ የወጡ ጥናቶች ደግሞ ኢትዮጵያውያኑን ስኳር የሚይዛቸው ከሌላው እስራኤላዊ ባነሰ ክብደት ላይ መሆኑን አሳዩ። «እኔ እኮ ወፍራም አይደለሁም» ማለት ለኛ ሰው ዋስትና አይሆንም ማለት ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በዐረብ አገር ያላችሁ ተማሪዎቼ ይቺን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አንብቧት።

ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው? አንድ መላምት አለ፤ ሄልስና ባርከር በ1992 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት። በማህፀን ሳለ የተራበ ልጅ ሰውነቱ ለረሃብ ይዘጋጃል፤ ቆጣቢ ሆኖ ይወለዳል። ረሃቡ ከቀጠለ ይጠቅመዋል፤ ጥጋብ ከመጣ ግን ጥጋቡን የሚያስተናግድበት ቆሽት የለውም። ሆላንድ ውስጥ በ1944 እና 45 ክረምት በጀርመኖች ከበባ ተርበው የነበሩ እናቶች የወለዷቸው ልጆች 50 ዓመት ሲሞላቸው ተመርምረው፣ ስኳርን የማስተናገድ አቅማቸው ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስንት ወር የቆየ ረሃብ ነው? ግማሽ ዓመት ገደማ። አሁን እናንተው ቁጠሩ። በ1977 በወሎ፣ በትግራይ፣ በጎንደር የተፀነሱ ልጆች ዛሬ 40 ዓመት አልፏቸዋል። ብዙዎቹ ከተማ ገብተዋል። ሁለተኛው ስኳር ብቅ የሚልበት ዕድሜ ላይ ናቸው።

ቁጥር ለምትወዱ፦ በ2021 እ.ኤ.አ. ፌዴሬሽኑ በኢትዮጵያ ወደ 1.9 ሚሊዮን ጎልማሶች ስኳር እንዳለባቸው ገምቷል። በአፍሪካ ካሉት 24 ሚሊዮን ሕመምተኞች ከግማሽ በላዩ መታመማቸውን አያውቁም። ጎንደር ላይ ከ35 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ቤት ለቤት ተመርምረው በከተማው 5.1፣ በገጠሩ 2.1 በመቶ ተገኘባቸው፤ አብዛኞቹ ያን ቀን ነው ያወቁት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 2,153 ሰዎች ተመርምረው 6.5 በመቶ። እነማን መሰሏችሁ? የባንክ ሠራተኞችና መምህራን። የኛው ሰፈር! የመምህር ደመወዝ የሚያገኝ ሰው «የሀብታም በሽታ» ሲይዘው ቢያንስ መሳቅ ይገባዋል።

የገጠሩን 2.1 በመቶ ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳታልፏት። አብዛኛው ሕዝባችን ገጠር ነው ያለው። ከዚያም በላይ፣ ቆጠራ የሚያገኘው በሕይወት ያለውን ነው። አንደኛው ዓይነት ይዞት፣ ወባ ነው ተብሎ፣ በሁለት ወር የሞተ ልጅ በማንም ፐርሰንት ውስጥ የለም።

ለተማሪዬ ይህን ሁሉ አልጻፍኩለትም። «አባትህን የያዛቸው የሀብታም በሽታ አይደለም፤ የኔም ወንድም ገበሬ ነበር» ብቻ አልኩት። ትናንት ማታ ደወለ። ነርሷ ቤታቸው ፍሪጅ እንደሌለ ስትሰማ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርገው ብልቃጡን እዚያ እንዲያቀዘቅዙ አሳይታቸዋለች። አባቱ መርፌውን በራሳቸው እጅ መውጋት ለምደዋል፣ ሌሊት መውጣቱም ቀንሶላቸዋል። እናቱ ግን ማሰሮውን ልጆቹ እንዳይነኩባቸው አልጋ ሥር ደብቀው፣ ጠዋት ጠዋት አሸዋውን ውኃ የሚያጠጡት እሳቸው ብቻ ናቸው አለኝ። ጉንዳን አይተው እንደሆነ ልጠይቀው ብዬ ተውኩት።